ስለ ባዶ ቤትና ስለ ውሻ ባልንጀርነት

«ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» የሚለው የአባቶቻችን ቃል እውነት መሆኑን የሚጠራጠር ያለ አይመስለኝም። የታመመውን የሚያስታምም፣ የወደቀውን የሚያነሣ፣ ያዘነውን የሚያጽናና ሰው ነው። ነገር ግን ይህ ቃል እውነት ከሆነ አንድ ጥያቄ ይከተላል። ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ወይም ባሏ የሞተባት አሮጊት ከውሻ ጋር ባልንጀርነት ገጥመው ኀዘናቸውን ቢያቀልሉ ምን እንበላቸው? ሰው አጥተው ነው ብለን እንዘንላቸውን? አእምሯቸው ደክሟል ብለን እንሳቅባቸውን? ወይስ ከእነርሱ የምንማረው ነገር ይኖራል? ወጣቶች ሆይ፣ ጥያቄው ስለ ውሻ ቢመስልም ስለ ሰው ነውና እስከ መጨረሻው በትዕግሥት እንድትከተሉኝ እለምናችኋለሁ።

በመጀመሪያ የአገራችንን ሰው ማመስገን ይገባል። በእኛ በፎገራ ሜዳ፣ ከርብ ወንዝ እስከ ጉማራ ባለው አገር፣ ሰው ሲሞት ኀዘንተኛው ብቻውን አይተውም። መርዶው እንደ ተሰማ የእድሩ ድንኳን ይተከላል፤ ጎረቤት እዝን ይዞ ይመጣል፤ ገበሬው እርሻውን፣ ነጋዴው ሱቁን ትቶ ከኀዘንተኛው ጎን ይቀመጣል። ሠልስቱ፣ ሰባቱ፣ አርባው እስኪያልፍ ድረስ ቤቱ ከሰው አይጎድልም። እንዲህ ያለ የማጽናናት ሥርዓት ያለው ሕዝብ ትልቅ ሀብት አለው። ይሁን እንጂ ልማድ ሁሉ ወሰን አለው። ድንኳኑ ለሌላ ለቅሶ ይፈለጋል፤ የሩዙ አረም፣ የጤፉ አጨዳ ሰው ይጠብቃል፤ ልጆችም ወደ ባሕር ዳርና ወደ አዲስ አበባ፣ ወደየሥራቸው ይመለሳሉ። ይህ ስንፍና ወይም ክፋት አይደለም፤ ኑሮ ነው። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ ግን አንድ ሰው ብቻውን ወደ ቤቱ ገብቶ በሩን ይዘጋል። እኛም የምንመረምረው ከዚያ በር በስተኋላ ያለውን ነው።

ሚስት ስትሞት ባል ሁለት ነገር ያጣል። አንደኛ፣ ለእርሱ የምታስብለትን ያጣል። ሁለተኛ፣ እርሱ የሚያስብላትን ያጣል። የመጀመሪያውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ለቅሶ የሚመጣው ሰው «ማን ያበስልልሃል? ስትታመም ማን ውኃ ያቀብልሃል?» እያለ የሚያዝነው ስለዚህ ነው። ለዚህም ጉዳት መላ አይጠፋም፤ ልጅ ገንዘብ ይልካል፤ ሠራተኛ ይቀጠራል፤ ጎረቤት ይደርሳል። ሁለተኛውን ጉዳት የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት ሙሉ በሩን ከመሸንቆሩ በፊት «ገብታለችን?» ብሎ ይጠይቅ የነበረ ሰው፣ ከገበያ ሲመለስ የምትወደውን ሸንኮራ አገዳ ይዞላት ይገባ የነበረ ሰው፣ ስትስል ሌሊት ተነሥቶ ውኃ ያሞቅላት የነበረ ሰው፣ በአንድ ቀን እጁ ሥራ ይፈታል። ፍቅሩ ከእርሷ ጋር አልተቀበረም፤ የሚሄድበትን ቦታ ብቻ አጥቷል።

የእኛ አገር ሰው ይህን ነገር በወንዝ ሊያስተውለው ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው በፎገራ ሜዳ ላይ በፈሰሱ ጊዜ ብዙ ቤት ፈረሰ፤ እህልና ከብት ጠፋ፤ እጅግ ብዙ ሰውም ከቀዬው ተፈናቀለ። ያው ውኃ ግን በቦዩ ሲሄድ ሩዙን ያበቅላል፤ የፎገራን ላም ያጠጣል። ክፉ ያደረገው መሄጃ ማጣቱ ነው። በኀዘንተኛ ልብ ውስጥ የተጠራቀመ ፍቅርም እንደዚሁ ነው፤ መሄጃ ሲያጣ ወደ ቁጣ፣ ወደ መጠጥ፣ ወይም አንድ ቀን ሙሉ ከአልጋ ወዳለመነሣት ይለወጣል። ስለዚህ ብቸኝነት ማለት የሚወደንን ሰው ማጣት ብቻ አይደለም፤ ከእኛ አንዳች ነገር የሚፈልግ ፍጡር ማጣትም ነው። በጉማራ ወንዝ አጠገብ ወዳለው ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ አጥንቱን የሚቆረጥመው ሰው ከሩቅ እየመጣ ይታጠባል። ሥራ ለፈታ ፍቅር ግን መታጠቢያ የለውም፤ መድኃኒቱ እንደገና ሥራ ማግኘት ነው።

ይህ ነገር ድኻና ባለጸጋ፣ ንጉሥና ገበሬ አይለይም። ከወረታ በስተምሥራቅ ያለችው ደብረ ታቦር የራስ ዓሊ ከተማ ነበረች። የራስ ዓሊ ልጅ ተዋበች የዐፄ ቴዎድሮስ ሚስት ስትሆን በ1850 ዓ.ም. ሞተች፤ ንጉሡም ብርቱ ኀዘን ላይ ወደቁ። ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚሉት ቁጣቸውን የምታበርድላቸው እርሷ ነበረች፤ ከእርሷ ሞት በኋላ ጭካኔያቸው እየበረታ ሄደ። የንጉሡ ጭካኔ የመንግሥትና የጦርነት ምክንያቶች እንደ ነበሩት የታወቀ ነው። ነገር ግን አንድ ኃይለኛ ሰው ገር ሆኖ የሚገባበት አንድ ቤት ሲዘጋበት ምን እንደሚሆን ከዚህ ታሪክ እንማራለን።

ከመቶ ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ንጉሥ ሚስታቸውን ቀበሩ። በ1903 ዓ.ም. የተጋቡት ዐፄ ኃይለ ሥላሴና እቴጌ መነን ከ50 ዓመት ትዳር በኋላ የካቲት 8 ቀን 1954 ዓ.ም. በሞት ተለያዩ። ከዚያ በፊት ልዕልት ፀሐይና ልዑል መኮንን አርፈው ነበር፤ እቴጌይቱ ባረፉበት በዚያው ዓመትም ልዑል ሣህለ ሥላሴ ሞቱ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት በተነሡት ፎቶግራፎች ውስጥ ከንጉሠ ነገሥቱ አጠገብ ሉሉ የሚባል ጥቂት እፍኝ የሚያህል ውሻ ይታያል። ስለዚህ ውሻ ብዙ ወሬ ተወርቷል፤ ወሬውን ለሚወዱት እንተውላቸው። እኔን የሚገርመኝ ይህ ነው፤ በዚያ ቤተ መንግሥት ውስጥ ወደ ንጉሡ የሚቀርብ ሰው ሁሉ ሹመት፣ ርስት ወይም ምሕረት ይለምናል፤ እጅ ነሥቶ ገብቶ እጅ ነሥቶ ይወጣል። ውሻው ግን ግርማዊነት ምን እንደ ሆነ አያውቅም። የሚፈልገው ጭን፣ ጉርሻና የሚዳብስ እጅ ነው። ይህን ደግሞ ማንም ድኻ ሽማግሌ ሊሰጥ ይችላል።

ስለ ራሴም ጥቂት ብናገር ይፈቀድልኝ። ባለቤቴ ካረፈች እነሆ አምስት ዓመት ሆነ። በተዝካሯ ዕለት እንደ ተለመደው የሰፈሩ ውሾች አጥንት ፍለጋ ግቢያችንን ከበው ዋሉ። እንግዶቹ ሲበተኑ ውሾቹም ተበተኑ፤ አንድ እግሩን የሚያነክስ ቡላ ውሻ ግን ቀረ። አልጠራሁትም፤ አላባረርሁትምም። ሦስት ሌሊት ከደጄ ካደረ በኋላ ጎረቤቴ ያሉት እማሆይ «መምህር፣ ይህ ፍጡር የመጣው ወደ እርስዎ ነው፤ ስም ያውጡለት» አሉኝ፤ በመልኩ ቡላ አልሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ የሰፈር ልጆች ከመንገድ ዳር በጆንያ ተጥላ ያገኟትን ጥቁር ቡችላ ይዘውልኝ መጡ። በእኛ አገር ሴት ቡችላ የሚፈልግ ጥቂት ነው፤ ነገ ትወልዳለች እየተባለች ትጣላለች። እርሷንም ጥቁሬ ብዬ ተቀበልኋት።

እነዚህ ሁለት ውሾች ባለቤቴን አልመለሱልኝም፤ እንድረሳትም አላደረጉኝም። ያደረጉልኝን ልንገራችሁ። ጎሕ ሲቀድ በሩን ይቧጥጣሉ፤ ስለዚህ መነሣት ይኖርብኛል። ለራሴ ብቻ ቢሆን ደረቅ እንጀራ ቆርሼ የምተኛው ሰው ለእነርሱ የሩዝ ድቃቂ ልቀቅል ብዬ እሳት አነድዳለሁ፤ እሳቱ ከነደደ ደግሞ ለራሴም ሽሮ እጥዳለሁ። ከቀትር በኋላ መውጣት ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ እወጣለሁ፤ ከወጣሁም ሰው አገኛለሁ። በዚህ ላይ ያስተዋልሁት አንድ ነገር አለ። ሰው ኀዘንተኛን የሚሸሸው ስለሚጠላው አይደለም፤ የሚናገረው ቃል ስለሚቸግረው ነው። «እግዜር ያጥናህ» ብሎ ከጨረሰ በኋላ ሌላ ምን ይበል? አሁን ግን በመንገድ የሚያገኘኝ ሁሉ «ቡላ እግሩ ተሻለው ወይ?» ብሎ ይጀምራል፤ ከውሻው እግር ተነሥተን ወደ ሩዙ ዋጋ፣ ከሩዙ ዋጋ ወደ ልጆቻችን እንሻገራለን። ውሻው ለእኔ ጨዋታ ባያውቅም ከሰው ጋር የምጨዋወትበትን በር ከፈተልኝ።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ። አንዳንዶቹ ከባድ ናቸውና በቅንነት መመርመር ይገባል።

አንደኛው «ውሻ ርኩስ ነው» የሚል ነው። ክርስቲያኑ ውሻ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር እንዳይገባ ይከለክላል፤ ሙስሊሙም የውሻ ለሐጭ የነካውን ዕቃ ያጥባል። ይህን ሥርዓት ማክበር ተገቢ ነው። ነገር ግን እነዚሁ ሃይማኖቶች ውሻን ከመንገደኛ ጓደኝነት አላስወጡትም። በመጽሐፈ ጦቢት ወጣቱ ጦብያ ከመልአኩ ጋር ሩቅ አገር ሲሄድ ውሻው አብሮት ሄዷል፤ ሲመለስም አብሮት ተመልሷል። በቁርኣንም ስለ ዋሻው ሰዎች በሚናገረው ምዕራፍ ውስጥ ጻድቃኑ ተኝተው ሳለ ውሻቸው እጆቹን ዘርግቶ ከዋሻው ደጃፍ እንደ ነበር ተጽፏል። እንግዲህ ከመቅደስ ውጭ መሆን ከምሕረት ውጭ መሆን አይደለም። ደጃፍም ቦታ ነው፤ በደጃፍ የሚጠብቅም ወገን ነው።

ሁለተኛው «ውሻ በበላበት ይጮኻል፤ የሚወድህ ስለ እንጀራህ ነው» የሚል ነው። እኔም እንጀራው መነሻ መሆኑን አልክድም፤ ቡላ የመጣው ለአጥንት እንጂ እኔን ሊያጽናና አልነበረም። ነገር ግን ልጅስ እናቱን አስቀድሞ የሚያውቃት በጡቷ አይደለምን? ፍቅር ከእንጀራ ቢጀምር የሚያስነቅፍ ነገር የለውም፤ የሚያስነቅፈው በእንጀራ ቢያልቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት ውሻና ባለቤቱ ረዘም ላለ ጊዜ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ኦክሲቶሲን የተባለው ንጥረ ነገር በሁለቱም ሰውነት ውስጥ እንደሚጨምር አሳይቷል። ይህም ንጥረ ነገር እናትና ሕፃን ሲተቃቀፉ የሚሠራው ያው ነው። ከዚህም የቆየ ምስክር አለ። በጀርመን አገር በቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካሰል በሚባል ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1914 የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት መቃብር ተገኘ፤ ዕድሜው ወደ 14,000 ዓመት ይሆናል፤ ከእነርሱም ጋር ውሻ ተቀብሮ ነበር። ሊቃውንት የውሻውን ጥርስ መርምረው ቡችላ ሳለ በጽኑ ታሞ እንደ ነበርና ሰው ካላስታመመው በቀር ያን ያህል ሊቆይ እንደማይችል አስረድተዋል። የታመመ ቡችላ ለአደንም ለጥበቃም አይጠቅምም። ሆኖም ሰው እርሻ ሳያውቅ፣ ጽሕፈት ሳያውቅ የማይጠቅመውን ፍጡር አስታሟል። ርኅራኄ ከጤፍም ከሩዝም የቀደመ ሥራችን ነው ማለት ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ እኔን ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። «የተራበ ልጅ በሞላበት አገር ለውሻ ምግብ መቀቀል ኀጢአት አይደለምን?» ይላል። የዚህ መልስ በቃል ሳይሆን በሥራ ነው። በቤቴ የወሰንሁት ሕግ አለ፤ በደጄ የቆመ ሰው ሳይቀምስ የውሻ ገበታ አይቀርብም። ውሾቹ የሚበሉት የወፍጮ ቤት ድቃቂና የተራረፈ ነው፤ ሌሊትም ጅብና ሌባ ያርቃሉ፤ በነጻ አይቀለቡም። ከዚህም ሌላ በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት ለሌላ መስጠትን የለመደ እጅ ለሰው መስጠት ይቀለዋል እንጂ አይከብደውም። ለውሻው እየሰጠ ድኻውን የሚያባርር ሰው ቢገኝ ግን ተቃዋሚዎቹ ትክክል ናቸው፤ ያ ሰው ምሕረትን ሳይሆን ጨዋታን ነው የሚወድ።

አራተኛው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነው። ይህ ፍርሀት በከንቱ አይደለም። በዓለም ላይ በዚህ በሽታ በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው እንደሚሞት ይገመታል፤ በሽታውን ወደ ሰው የሚያስተላልፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው። ምልክቱ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1885 የዘጠኝ ዓመቱን ልጅ ጆሴፍ ማይስተርን በክትባት ካዳነ ወዲህ በሽታው መከላከያ አለው። ስለዚህ ውሻ የሚያሳድግ ሰው ቡችላው ሦስት ወር ሲሞላው አስከትቦ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ማስደገም ግዴታው ነው። ውሻ የነከሰውም ሰው ቁስሉን ወዲያው በውኃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ ቅጠል ፍለጋ ቀን ሳያባክን ወደ ሐኪም መሮጥ አለበት። «ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» እንደሚባለው ሁሉ በአንድ ሰው ቸልተኝነት ያልተከተበ አንድ ውሻ ለሰፈሩ ሁሉ ሞት ያስገባል። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች በመርዝ ማስገደል የተለመደው ከዚህ ፍርሀት የተነሣ ነው። በመርዝ የወደቀው ውሻ ግን አስቀድሞ በአንድ ሰው እጅ ከጆንያ ውስጥ የተጣለ ቡችላ ነበር። ፍቅር ያለ ግዴታ እንዲህ ያለ ፍሬ ያፈራል።

አምስተኛውና የመጨረሻው ተቃውሞ «ውሻ ሰውን ከሰው ያርቃል» የሚል ነው። ይህም እውነት ሊሆን ይችላል። ውሻ መልስ አይሰጥም፤ አይቃወምም፤ ጥፋታችንን አይነግረንም። ሚስት ግን «ተሳስተሃል» ትላለች፤ ጓደኛም ይገሥጻል። ውሻን የወደደው ስለማይቃወመው ከሆነ ያ ሰው የወደደው የራሱን ድምፅ ነው። ስለዚህ መለያውን አንድ ቃል ላስታውሳችሁ፤ እርሱም በር ነው። ውሻው በሩን የሚያስከፍተው ከሆነ፣ ወደ ጎረቤት፣ ወደ ገበያ፣ ወደ እድር የሚያወጣው ከሆነ ባልንጀርነቱ መልካም ነው። በሩን የሚያዘጋው፣ «ውሻዬ ይበቃኛል፤ ሰው አልፈልግም» የሚያሰኘው ከሆነ ግን ኀዘኑ ሌላ ልብስ ለበሰ እንጂ አልተፈወሰም።

ይህን ሁሉ መጻፍ ቀላል ነው፤ መኖሩ ግን እንደ ጽሕፈቱ አይቀልም። አዲስ አበባ የምትኖረው ልጄ በስልክ «አባባ፣ ብቻዎን ከሚሆኑ ወደ እኔ ይምጡ» ካለችኝ ሁለት ዓመት አለፈ። የምትኖረው በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ እዚያ ለሁለት ውሻ ስፍራ የለም። በመጨረሻ አልቻለችምና «ለሁለት ውሻ ብለው ከልጅ ልጆችዎ ይለያሉ? አባቷን ገጠር ጣለችው ሲሉኝ ምን ልመልስ?» ብላ አለቀሰች። ይህ ቃል በጣም ከብዶኛል፤ እውነት አለበትና። የልጅ ልጅ ከውሻ ጋር በሚዛን አይቀመጥም።

እኔም ብዙ ካሰብሁ በኋላ እንዲህ ስል መለስሁላት። «ልጄ፣ በቤትሽ ምግቤ ይቀርባል፤ ልብሴ ይታጠባል፤ ሐኪም ቅርብ ነው፤ እናትሽ ስትሞት ካጣሁት ሁለት ነገር አንዱን ትመልሺልኛለሽ። ሁለተኛውን ግን በምን ትመልሺልኛለሽ? በቤትሽ እኔን የሚጠብቅ ሥራ ምንድን ነው? ውሾቹን ከአንቺ አስበልጬ አይደለም፤ የሚያስፈልግ ሰው ሆኜ መኖር ፈልጌ ነው።» ብዙ ጊዜ ዝም አለችና «ይህን አላሰብሁትም ነበር» አለችኝ። እስከ ዛሬ በሙሉ አልተስማማንም። ለገናና ለፋሲካ እኔ ወደ እርሷ እሄዳለሁ፤ በዚያን ጊዜ ውሾቹን የጎረቤቴ ልጅ ይጠብቅልኛል፤ እኔም በምላሹ ሒሳብ አስተምረዋለሁ። ክረምት ሲሆን የልጅ ልጆቼ ወደዚህ ይመጣሉ። አንድ ቀን ጉልበቴ ሲደክም ወደ አራተኛው ፎቅ መውጣቴ አይቀርም። ስለዚህ ቡላንና ጥቁሬን ማን እንደሚረከባቸው ከአሁኑ ተነጋግሬያለሁ። ውሻ አሥርና ከዚያ በላይ ዓመት ይኖራል፤ ስልሳ ዓመት ያለፈው ሰው ውሻ ሲያስጠጋ ከሁለቱ ማን ቀድሞ እንደሚሞት ማሰብ ይገባዋል። ያደገ ውሻ ቢያስጠጋም ከቡችላ ይሻለዋል፤ ሁለቱ አብረው ያረጃሉ።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ሦስት ምክር ላውጣላችሁ።

አንደኛ፣ ከውሻው ጋር ሲነጋገር ያያችሁትን ሽማግሌ አትሳቁበት። ለብዙ ዓመት «ደኅና አደርሽ» እያለ የነቃ አንደበት በአንድ ሌሊት ዝምታን አይለምድም። ይልቁንም ቆም ብላችሁ የውሻውን ስም ጠይቁት፤ ያን ጊዜ የራሱንም ታሪክ ይነግራችኋል።

ሁለተኛ፣ «አባታችን ውሻ አለው፤ እናታችን ድመት አላት» ብላችሁ ከመጠየቅ አትቅሩ። ውሻ በር ይጠብቃል እንጂ የልጅን ስፍራ አይሸፍንም። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው ዘገባ በዓለም ላይ ከስድስት ሰው አንዱ በብቸኝነት እንደሚጎዳ ገልጿል። ከስድስቱ አንዱ የእናንተ እናት ወይም አባት እንዳይሆኑ የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ።

ሦስተኛው ከሁለቱ ይበልጣል። ኀዘንተኛን ልታጽናኑ ስትሄዱ መስጠትን ብቻ አታስቡ፤ ለምኑትም። አስተማሪ ከነበረ «ልጄን ንባብ አስጠናልኝ» በሉት። ገበሬ ከነበረ «ይህ ዘር ለዚህ መሬት ይሆናል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁት። እናት ከሆነች ሕፃኑን አስይዟት፤ ወጥ አሠራር አማክሯት። የሚደክማቸው መስሏችሁ አትራሩላቸው፤ ሥራ የፈታ ፍቅር ከሥራ ይልቅ ያደክማል። ውሻ ሳያውቀው ለኀዘንተኛ የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ይለምነዋል። ሰው ግን አውቆና አስቦ ሊያደርገው ይችላል።

አባቶቻችን «ሰው መድኃኒቱ ሰው ነው» ሲሉ ብዙዎቻችን መድኃኒት የሚሰጠንን ሰው ብቻ እናስባለን። ቃሉ ግን ሌላም ትርጉም አለው፤ እኛ የምንረዳው፣ የምንጠብቀው፣ ጎሕ ሲቀድ የምንነሣለት እርሱም መድኃኒታችን ነው። ያ ሰው በጠፋበት ቤት አንድ አንካሳ ውሻ ስፍራውን ለጊዜው ቢጠብቅ እግዚአብሔር የፈጠረው ፍጡር ነውና አንናቀው። የእኛ ፈንታ ደግሞ ውሻው ወደ ጠበቀው ደጅ ሄደን ማንኳኳት ነው።